አፈሙዝ ስመርጥ የተማርኩት፦ ከደብረ ብርሃን ውርጭ እስከ ሸዋ ሮቢት ሙቀት

ፔይንትቦል፣ ማለትም በጋዝ በሚሠራ ጠመንጃ ቀለም የተሞሉ ኳሶችን የመተኮስ ጨዋታ፣ ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ኳሴ ካነጣጠርኩበት የባሕር ዛፍ ግንድ በቀኝም በግራም ሲያልፍ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በእጄ አላክክ ነበር። የምጫወተው ቲፕማን 98 በሚባል ጠመንጃ ነው፤ ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው አፈሙዝ 8.5 ኢንች ነው። እሱን ለመቀየር ስነሳ ያሳለፍኩትን ላካፍላችሁ፤ ገንዘባችሁን ይቆጥብላችኋል።

የመጀመሪያውን ያገለገለ ገዛሁ። ሻጩ «ለቲፕማን ነው» ብሎኝ ነበር፤ ኤ-5 ለሚባለው ሌላ የቲፕማን ሞዴል የተሠራ ሆኖ ተገኘ። የሁለቱ ጥርስ (አፈሙዙ ጠመንጃው ላይ የሚጠመዘዝበት) አይገጥምም። ቶርኖ ቤት ይዤው ብሄድ ባለሙያው አገላብጠው አዩትና «ልጄ፣ ጥርስ ላወጣለት እችላለሁ፤ ግን በጥቂቱ እንኳ ቢዛነፍ ከጠመንጃው ጋር አይቀናም» አሉኝ። ምክራቸውን ሰምቼ መለስኩት። ከመክፈላችሁ በፊት የጠመንጃችሁን ሞዴል ብቻ ሳይሆን ጥርሱንም አረጋግጡ።

ቀጥሎ ከጓደኛዬ 16 ኢንች ተውሼ ሞከርኩ። ረጅም አፈሙዝ አርቆ ይመታል የሚለውን ወሬ አምኜ ነበር። አርቆ አይመታም። ኳሱ የሚሄድበትን ርቀት የሚወስነው ሲወጣ ያለው ፍጥነት ነው፤ ፍጥነቱን ደግሞ ሁላችንም ለክተን በሰከንድ ከ300 ጫማ (91 ሜትር ገደማ) በታች እናደርገዋለን። ረጅሙ ድምፁን ቀነሰልኝ፣ ምክንያቱም ጫፉ አካባቢ ያሉት ቀዳዳዎች ጋዙን ቀስ ብለው ያስወጡታል። ጋዜን ግን ጨረሰው። ኳሱን የሚገፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጠርሙሱ ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ ነው የሚቀመጠው፤ በ20 ዲግሪ 57 ባር ገደማ የሆነው ግፊት በ0 ዲግሪ ወደ 35 ይወርዳል። በታኅሣሥ ማለዳ፣ ሣሩ ላይ ውርጭ ነጥቶ ሳለ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ለሚጫወት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ዋናው ነገር ርዝመቱ ሳይሆን የውስጡ ስፋት መሆኑን የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። ኳሱ 0.68 ኢንች ይባላል እንጂ አንዱ ካርቶን ከሌላው ይለያያል። አፈሙዙን ከጠመንጃው እፈታና ከኋላው በኩል አንድ ኳስ አስገባለሁ። በራሱ ተንከባሎ ከወጣ አፈሙዙ ሰፊ ነው፤ ጋዙ በጎኑ ያመልጣል፣ ፍጥነቱም ከተኩስ ተኩስ ይለያያል። በኃይል ስነፋው እንኳ አልነቃነቅ ካለ ጠባብ ነው፤ ኳሱ እዚያው ውስጥ ይሰበርና አፈሙዙ በቀለም ይጨማለቃል። የምፈልገው ባለበት ቆሞ፣ ትንሽ እፍ ስለው ሹልክ ብሎ የሚወጣውን ነው። አንድ ኳስ አይበቃም፤ እኔ አሥር ያህል እሞክራለሁ፣ መጋጠሚያ መስመሩ ላይ ጎርበጥ የሚሉ አሉና።

አሁን የያዝኩት 12 ኢንች ነው፤ 0.679፣ 0.684 እና 0.689 ኢንች የሆኑ ሦስት ተቀያያሪ የውስጥ ቱቦዎች አሉት። ከአንድ ወጥ አፈሙዝ ይወደዳል፣ አልደብቃችሁም። ዋጋው የተገባ መሆኑን ያየሁት ጣርማበርን ወርደን ሸዋ ሮቢት የተጫወትን ቀን ነው። ደብረ ብርሃን ላይ በ0.684 ልክክ ይሉ የነበሩት ኳሶች፣ ያንኑ ከረጢት ይዘን ወርደን፣ እዚያ ጠበቅ አሉበት። የኳሱ ልጣጭ ጄላቲን ነው፤ ሙቀት ያለሰልሰዋል፣ እርጥበት ያሳብጠዋል። ወደ 0.689 ቀየርኩና ተስተካከለ። በብርድ ደግሞ በተቃራኒው ደርቆ እንደ እንቁላል ቅርፊት ይሰባበራል፤ ማለዳ ላይ ኳሶቼን ከጃኬቴ ሥር አስቀምጣቸዋለሁ።

እሑድ ባሕር ዛፉ ጋ የምትመጡ፣ ከየካርቶናችሁ አሥር አሥር ኳስ ያዙ። በሦስቱም ቱቦ እንሞክራቸውና የማን ከየትኛው እንደሚገጥም እንመዘግባለን። ውርጩ እንዲለቅ 4 ሰዓት ላይ እንጀምር።