ዝንብ ያዧን በትውልድ ቦታዋ አየኋት

ቬነስ ፍላይትራፕ ነፍሳትን በቅጠሏ ወጥመድ ይዛ የምትበላ ተክል ናት፤ እስካሁን ሦስት ገድያለሁ። የመጀመሪያዋን በቧንቧ ውሃ፣ ሁለተኛዋን በማዳበሪያ፣ ሦስተኛዋን ደግሞ (አትሳቁብኝ) ከፋሲካ ቁርጥ ቆንጥሬ አጉርሻት። ወጥመዷ ጠቆረ፣ ሸተተ፣ ብዙም ሳትቆይ ራሷም ተከተለች። አራተኛዋ መስኮት ላይ አለች፤ ግን ቀጫጫ ናት።

ምን እንደጎደላት ለማየት በሰኔ መጀመሪያ ከሜሪላንድ ወደ ሰሜን ካሮላይና ነዳሁ። ይህች ተክል ተፈጥሯዊ አገሯ የሁለቱ ካሮላይናዎች ጠረፍ፣ የዊልሚንግተን ከተማ ዙሪያ ገባ ብቻ ነው።

የሄድኩበት ጥብቅ ስፍራ ግሪን ስዋምፕ (አረንጓዴ ረግረግ) ሲባል ጨለማ ጫካና ጉልበት የሚውጥ ጭቃ መስሎኝ ቦቲ ጫማ አድርጌ ነበር። ያገኘሁት ገላጣ ሜዳ ነው፤ ሳር፣ እርጥብ አሸዋ፣ ግንዳቸው በእሳት የጠቆረ የፓይን ዛፎች። ጠባቂዎቹ ሆን ብለው ያቃጥሉታል፤ ቁጥቋጦው ከበረታ በትንንሾቹ ተክሎች ላይ ፀሐይ ይጋርዳል።

መጀመሪያ ዓይኔ ውስጥ የገባው ቢጫው ፒቸር ፕላንት፣ ሌላው ነፍሳት በል ተክል ነው፤ ክዳን ያለው ጥሩምባ ይመስላል። ፀሐይ ከጀርባው ስትመታው፣ ውስጡ የተከመሩት ነፍሳት እንደ ጥላ ይታያሉ። ፍላይትራፗን ግን ፈልጌ ፈልጌ አጣኋት። ተስፋ ቆርጬ የጫማዬን ማሰሪያ ላጠብቅ ጎንበስ ስል፣ አጠገቤ ሳሩ ሥር ተለጥፋለች! ወጥመዷ ከአውራ ጣቴ ጥፍር ብዙም አይበልጥም፤ ውስጡ ደም የመሰለ ቀይ። ነጭ አበባዋ ከወጥመዱ ርቆ በቀጭን ዘንግ ላይ ቆሟል።

አንዲት ጉንዳን ወጥመዱ ውስጥ ገባች። በወጥመዱ በየጎኑ ሦስት ሦስት ፀጉር አለ። አንዱን ነካች፣ ዝም። 20 ሰከንድ ገደማ ሳይሞላ ብትደግመው ወጥመዱ ተዘግቶ አብቅቶላት ነበር። እኔ ትንፋሼን ይዤ ቀረሁ፤ እሷ ዘወር ዘወር ብላ ወጣች።

በጣቴ ልሞክረው አሰኝቶኝ ነበር፤ ተውኩት። ባዶውን ሲዘጋ ጉልበቷን ነው የሚያባክነው። ነቅሎ መውሰድማ በሰሜን ካሮላይና እ.ኤ.አ. ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ ከባድ ወንጀል ነው።

ቤት እንደገባሁ የኔዋን ከመስኮት አንስቼ በረንዳ ላይ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኛት ቦታ አስቀመጥኳት። የምትጠጣው የዝናብ ውሃ ነው፤ ማዳበሪያም ሥጋም የለም። ክረምቱንም ውጭ ታሳልፋለች፣ ብርዱ ለእንቅልፏ ያስፈልጋታል። ሦስት ሳምንት ሆናት፤ ትናንት ጠዋት ያየሁት አዲስ ወጥመድ ውስጡ መቅላት ጀምሯል።