አንዲት ወላድ

ዛሬ የዳማ ስፌት ተፈታ። 11 ቀኗ ነው። ሐኪሙ ክሩን እየቆረጠ ሲስብ አንዴ ብቻ አጉረመረመች፣ ከዚያ እጁን ላሰችው። እሷስ ዳነች። እኔን ያልለቀቀኝ ሌላ ነገር ነው።

ዳማን ያገኘኋት አምና ክረምት ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወጣው መንገድ ዳር፣ ቦይ ውስጥ ነው። አፉ በታሰረ የማዳበሪያ ጆንያ ተጥላ ነበር። ይዣት ስገባ አከራዬ «ይቺ ውሻ ናት ወይስ አይጥ?» ብለው ሳቁብኝ። አድጋ ግቢውን መጠበቅ ስትጀምር «የኛ ዳማ» ማለት የጀመሩት ግን እሳቸው ናቸው።

ማርገዟን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። የውሻ እርግዝና 63 ቀን ገደማ ስለሆነ ሆዷ እስኪታይ ጊዜው ያልቃል። ሐሙስ ማታ ምጥ ያዛት። አርብ ጎህ ሲቀድ አንድም አልወለደችም፤ አረንጓዴ ፈሳሽ ግን ይወርዳት ጀመር። ይህን ለእንስሳት ሐኪሙ በስልክ ስነግረው ድምፁ ተለወጠ። ቡችላ ሳይወጣ አረንጓዴው ከቀደመ የእንግዴ ልጁ መላቀቅ ጀምሯል፣ ውስጥ ያሉት እየታፈኑ ነው፣ አሁኑኑ አምጫት አለኝ።

ሰውየው የላም ሆድ ቀዶ ጥጃ ያወጣ ነው። ውሻ ግን ከዚያ በፊት ሁለቴ ብቻ ነው የሠራው። አይፈረድበትም፤ እኛ አገር በሬ ሲታመም የአንድ ቤት እርሻ ይቆማል፣ ስለ ውሻ ሐኪም የሚጠራ ማን አለ? ማደንዘዣው፣ ክሩ፣ ጉሉኮሱ፣ መድኃኒቱና ድካሙ ተደምሮ 6,500 ብር አለኝ። እጄ ላይ የነበረው 1,800 ነው።

ወሩ ደግሞ ጥር። የሁሉም ኪስ በሰርግ ተራቁቷል። ሰው ለራሱ ባጣበት ጊዜ «ለውሻዬ አዋጡልኝ» ማለት አፌን ያዘኝ። ባጃጅ ውስጥ ዳማን ጭኔ ላይ አስተኝቼ ለመሥሪያ ቤት ልጆች በቴሌግራም እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «አንዲት ወላድ ከትናንት ማታ ጀምሮ ምጥ ላይ ናት። ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል። ዘመድ የላትም። የቻላችሁትን እርዱኝ።»

ከዚያ ውስጥ አንድም የሐሰት ቃል የለም። ስልኩን ወደ ቦርሳዬ ስከት ግን እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ በቴሌብር 2,350 ብር ገባ። ከብሩ ጋር «ማርያም ትቅረባት»፣ «ማርያም በሽልም ታውጣት» የሚል ምርቃት ይዘንብ ጀመር። አከራዬ 500 ሰጡኝ። የሰፈሩ የባጃጅ ልጆች ደግሞ፣ ዳማ በየቀኑ እየጮኸች የምታሳድዳቸው እነዚያው፣ 850 ብር አዋጥተው አመጡ። ለነሱ የነገርኳቸው እውነቱን ነበር። ይኼንን ሳስብ ነው ይበልጥ የማፍረው።

ቀሪውን 1,000 ሐኪሙ «ቀስ ብለሽ ትከፍያለሽ» አለኝና ሥራውን ጀመረ። አምስት ነበሩ። የመጀመሪያው በአግድም ተቀርቅሮ ሞቷል፤ ሁለተኛውም አልተረፈም። ሦስቱን በጨርቅ እያሸን ትንፋሻቸውን መለስን። አንደኛዋን እኔ ነኝ ያሸኋት፤ ስትንጫጫ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ማሕፀኗንም አብሮ አወጣው። ወተቷ ይቀር ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልቀረም፣ ማታውኑ አጠባች።

በማግስቱ ከቢሮ ተደወለ። «ምን ተገላገለች? ሴት ነው ወንድ? የት ተኝታለች? ገንፎ ይዘን እንምጣ።»

ሌላ መላ አልነበረኝም፤ ነገርኳቸው። አብዛኞቹ በሳቅ ፈረሱ። አንዷ «ማርያምን በውሻ ምጥ አስጠራሽን!» ብላ እስካሁን ትቆጣኛለች። አከራዬ ግን የምር ገንፎ አገንፍተው፣ ቅቤ መሐሉ ላይ አድርገው ለዳማ አቀረቡላት። «ወላድ አይደለች እንዴ?» አሉ።

ያልሳቁት ጋሼ ናቸው። 500 ብር ልከው ነበር፤ ከመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ የበለጠ። ሰኞ ጠረጴዛቸው ድረስ ሄጄ ይቅርታ ስጠይቅ ቀና ብለው አላዩኝም። እህታቸው በምጥ መሞቷን የሰማሁት ያኔ ነው። ከገጠር በቃሬዛ ተሸክመው ሲያመጧት፣ መኪና መንገዱ ላይ ሳይደርሱ አረፈች።

«መልእክትሽን ሳነብ እሷን ነበር ያሰብኩት» አሉኝ። ሌላ ነገር አልተናገሩም።

ትናንት ደመወዝ ወጣ። ከሐኪሙ ዕዳ በፊት የጋሼን 500 መለስኩ። ማታ ስልኬ ጮኸ፤ ብሩን መልሰው ልከውታል፣ ያለ ምንም ቃል። ዛሬ ጠዋት በር ላይ ስንገናኝ «ደህና አደርሽ» ብለውኝ አለፉ። ድሮ ቆም ብለው ስለ ዳማ ይጠይቁኝ ነበር።