የሲኒ ቂጥ

ጅማ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር ነው። ጂኦሎጂ ተመርቄ፣ የምረቃ ፎቶዬ እንኳን ገና ከስቱዲዮ አልወጣም ነበር። ሐሙስ ጠዋት አንድ አባት ቢሯችን መጡ። የጋቢያቸው ጫፍ ተቋጥሯል። ቋጠሮውን በጥርሳቸው ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉት።

ቢጫ ነው። ያብረቀርቃል። አንዱ የአውራ ጣት ጥፍር ያክላል፣ የቀረው ሽምብራ ሽምብራ የሚያህል ነው። ቢሮ ውስጥ የነበረው ሁሉ ከወንበሩ ተነሣ፤ ከሒሳቧ ቀና የማትለው የሒሳብ ሠራተኛ ሳትቀር።

«ምንድነው ልጄ?» አሉኝ።

አየሁት። ማየት ብቻ ነው ያደረግኩት። በመስኮቱ ብርሃን አገላብጬ «ወርቅ ይመስላል አባባ» አልኳቸው።

«ነው» አላልኩም፣ «ይመስላል» ነው ያልኩት ብዬ ዛሬም ራሴን ለማጽናናት እሞክራለሁ። ግን ሰው ወርቅ የምትለዋን ቃል ከባለሙያ አፍ ከሰማ በኋላ «ይመስላል»ን የት ይሰማታል?

በሦስተኛው ሳምንት በግማሽ ጆንያ ይዘው ተመለሱ። ወሩ ኅዳር ነው፤ ቡና የሚለቀምበት። ልጆቻቸውን ከለቀማው አስቀርተው፣ ሁለት የቀን ሠራተኛ ጨምረው ገደሉን ሲቆፍሩ ሰንብተዋል። ቀዩ እሸት ዛፉ ላይ ደርቆ ጀንፈል ሆኗል፤ ገሚሱም ረግፏል። ይህን የነገሩኝ ቅሬታ ለማቅረብ አይደለም። ወርቅ ያገኘ ሰው ለጀንፈል አይጨነቅም።

ያን ቀን ደግሞ የላቦራቶሪ ባለሙያችን ከፈቃድ ተመልሰዋል። ሁላችንም «እትዬ» ነው የምንላቸው። ትልቁን ድንጋይ አንሥተው፣ ቃል ሳይተነፍሱ ወደ ረከቦቱ ሄዱና ከንፈሩ የተሸረፈ አንድ ሲኒ ይዘው መጡ። ገለበጡት። የሲኒ ቂጥ ዙሪያውን ያለችው ቀለበት የሚያብለጨልጨው ልባስ የላትም፤ ሻካራ ናት። ድንጋዩን እዚያ ላይ ጫር አደረጉት።

ጥቁር መስመር። ትንሽ ወደ አረንጓዴ የሚወስደው ጥቁር።

ከዚያ የጣታቸውን ቀለበት አውልቀው ከጎኑ ጫር አደረጉ። ቢጫ መስመር።

«ወርቅ ዱቄቱም ወርቅ ነው» አሉ። «ይሄ ፓይራይት ነው።»

ብረትና ድኝ ማለት ነው። ፈረንጆች የሞኞች ወርቅ ይሉታል፤ ሞኙ ግን እሳቸው ሳይሆኑ እኔ ነበርኩ። የማዕድን መልክ ያታልላል። ኳርትዝ ነጭም፣ ሮዝም፣ ሐምራዊም ሆኖ ይመጣል። ሄማታይት የሚባለው የብረት ማዕድን እንደ ብር እያብለጨለጨ ሊመጣ ይችላል፤ ሲኒ ላይ ሲጫር ግን ዱቄቱ እንደ ጅማ አፈር ይቀላል። ዱቄቱ ከመልኩ ይልቅ ይታመናል። እኔ ደግሞ ይህን ፈተና ላይ ጽፌ ኤ ያመጣሁ ሰው ነኝ። ፍሬድሪክ ሞስ እ.ኤ.አ. በ1812 ያወጣውን የማዕድን ጥንካሬ መለኪያም ከ1 እስከ 10፣ ከለስላሳው ታልክ እስከ ጠንካራው አልማዝ፣ በቃሌ እወርደው ነበር።

እትዬ ግን ሞስን ስሙን አላነሡም። ሴንጢ አወጡ። የሴንጢ ስለት በሞስ መለኪያ 5 ተኩል ገደማ ነው። ወርቅ 3 እንኳን ስለማይሞላ ይፋቃል፤ ፓይራይት 6 አልፎ ስለሚሄድ ሴንጢውን ያንሸራትተዋል። አንሸራተተው። ቀጥለው በመዶሻ መቱት። ወርቅ ቢሆን ይለጠጥ ነበር። ይሄ ግን ብትንትን አለ፣ ክብሪት ክብሪት የሚል ሽታም ሸተተኝ። ሚዛን ላይ ማውጣት እንኳን አላስፈለገም። ወርቅ ከውሃ 19 እጥፍ ይከብዳል፣ ፓይራይት 5 እጥፍ ብቻ። የመጀመሪያው ቀን መዳፌ ውስጥ ሲቀልለኝ መንቃት ነበረብኝ።

የሚያናድደኝ ሌላም አለ። ድንጋዩ ላይ ጥቁር ነገር ተጣብቆበት ነበር፤ የድንጋይ ከሰል። ከጅማ ብዙ በማይርቁት በደልቢና በሞዬ ከሰል እንዳለ አውቃለሁ። ፓይራይት ከከሰል ጋር መገኘቱም የተለመደ ነው። (በነገራችን ላይ ከሰሉ ራሱ በጂኦሎጂ ቋንቋ ማዕድን አይባልም። ከዕፅዋት የመጣ ነው፣ የራሱ የሆነ ክሪስታልም የለውም። የመንግሥት ወረቀት ላይ ግን ማዕድን ነው።) ያን ጥቁር ነገር በጥፍሬ ጠርጌ ጣልኩት። ቆሻሻ መስሎኝ!

አባባ ሁለቱን መስመሮች ለረጅም ጊዜ አዩ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። አልተቆጡም። ሲኒውን አንሥተው ገለበጡት፣ መልሰው አስቀመጡት።

«ያን ቀን ሲኒ አልነበራችሁም?» አሉኝ።

ምን ይመለሳል? ረከቦቱ ያኔም እዚያው ነበር።

ከዚያ በኋላ ሲኒውን መሳቢያዬ ውስጥ አስገባሁት። ዓይኔን የሚስብ ነገር በመጣ ቁጥር መጀመሪያ እሱን አወጣለሁ፣ አፌን ከፈትኩም አልከፈትኩም።

በበልግ አባባ ተመልሰው መጡ። ይመጣሉ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ልጃቸው የውሃ ጉድጓድ ሲቆፍር ከአለቱ ፍንክት ውስጥ ያወጣው ነጭ፣ እንደ መስታወት ብርሃን የሚያሳልፍ ድንጋይ ይዘዋል። ከኪሳቸው ደግሞ የራሳቸውን ሲኒ አወጡ። ከንፈሩ ደህና ነው፤ ለዚሁ ጉዳይ ብለው የመደቡት ነው።

«ነጭ ነው የጻፈው» አሉ። «ሲኒዬንም አልቧጨረብኝም።»

ደነገጥኩ። ሁለተኛዋ ነገር ትልቅ ወሬ ናት። ኳርትዝ ቢሆን ሲኒውን ይቧጭረው ነበር። «እንግዲያው ካልሳይት ይመስ...» ብዬ ጀመርኩና አባባ ሲያዩኝ ዋጥኩት። ሴንጢዬን አወጣሁ፤ ፋቀው። አንድ ጠብታ የተበረዘ አሲድ ጣል አደረግኩበት። ሽሽሽ ብሎ አረፋ ደፈቀ፤ የኖራ ድንጋይ ማዕድን የሆነው ካልሳይት አሲድ ሲነካው እንዲህ ነው።

አባባ እጃቸውን ሰብሰብ አድርገው አረፋው እስኪጠፋ ጠበቁ።

«በል አሁን ተናገር» አሉኝ።