ትኩስ ፖም ከአጃ ጋር

ዛሬ ከሰዓት ቤቱ በቀረፋ ሽታ ታወደ። 6 ፖም ከነልጣጩ ቆራርጬ ሎሚ ጨመቅሁበት፤ ቀረፋና ዝንጅብል ነሰነስኩበት። ከላይ አጃ፣ የተሰባበረ ዋልነት፣ ትንሽ ማርና ዘይት ቀላቅዬ አለበስኩት። ከዚያ ኦቨን ውስጥ፣ በ180 ዲግሪ፣ 40 ደቂቃ።

እማዬ ኮሌስትሮልሽ ከፍ ብሏል ከተባለች ወዲህ አጃን የሙጥኝ ብያለሁ። አጃ ቤታ ግሉካን የሚባል ፋይበር አለው። አንጀት ውስጥ ውሃ ይዞ ይወፍርና ሐሞትን ይዞት ይወጣል። ጉበት ደግሞ የወጣውን ሐሞት ለመተካት ከደም ውስጥ ኮሌስትሮል ይወስዳል። ይሄን ሳውቅ በጣም ነው ደስ ያለኝ። መድኃኒቷን ግን አይተካም፤ እሱን በሰዓቱ ትወስዳለች። ልጣጩንም ሆን ብዬ ነው የተውኩት፤ ጥሩ ፋይበር አለበት። ቀረፋው ለጣዕም ነው፣ ስኳሩንም አስረስቶናል።

ሳወጣው ጠርዙ ላይ ጭማቂው ገና ቡልቅ ቡልቅ ይላል። አጃው ወርቅ መስሏል፤ በማንኪያ ሲነኩት ኮሽ ይላል፣ ከስሩ ፖሙ ቅቤ ሆኗል።

እማዬ የመጀመሪያውን ማንኪያ እፍ እፍ ብላ ቀመሰች። ምንም አላለችም። ጨርሳ ሳህኗን ቀስ አድርጋ ወደኔ ገፋችው። ድገሚኝ ማለቷ ነው።