ስማርት ያልሆነ ቲቪ ፍለጋ

ዛሬ ደሴ ፒያሳ ለእማዬ ስማርት ያልሆነ ቴሌቪዥን ስፈልግ ዋልኩ። እሷ የምትፈልገው ሪሞቱን ስትጫን ወዲያው በርቶ ከዲሹ ሪሲቨር ጋር የሚሠራ ነው፤ አካውንት ክፈቺ፣ አፕ አዘምኚ እያለ የሚጨቀጭቃት አይደለም። ባለሱቆቹ ግን መልሳቸው አንድ ነው፦ «ወንድሜ፣ አሁን እኮ ሁሉም ስማርት ሆኗል።» ስማርት ያልሆነ ከተገኘም ትንሹ፣ ባለ 32 ኢንቹ ነው።

የልፋቱ ነገር ብቻ አይደለም የሚያሳስበኝ። ብዙዎቹ ስማርት ቲቪዎች ስክሪኑ ላይ የሚታየውን እየለዩ ለአምራቹ መላክ ይችላሉ። አሜሪካ ውስጥ ቪዚዮ የተባለው ኩባንያ ተመልካቹን ሳያስፈቅድ ይህን አድርጓል ተብሎ ተከሶ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. 2.2 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። እናቴ ሳሎኗ ውስጥ ምን እንዳየች ማንም ሊመዘግብባት አይገባም!

አንዱ ወጣት ባለሱቅ «አብሽር» አለኝና አንድ ስማርት ቲቪ ከካርቶኑ አውጥቶ አበራ። ዋይፋይ ምረጥ ሲለው ዘለለው፤ ሪሲቨሩን በኤችዲኤምአይ ሰካና ሲበራ በቀጥታ እዚያው እንዲከፍት አስተካከለው። ኢንተርኔት ካላገኘ የሚልክበት መንገድ የለውም። ትልቅ ስክሪን ለምትፈልጉ ይህ ጥሩ መላ ነው። እኔ ግን 32ቱን አስጠቅልዬ ወጣሁ፤ ለእማዬ ሳሎን ይበቃል።