የኔርፍ ጥይት ለምን ይወላገዳል? ጫፉን ማክበድ፣ ጭራውን ማሳጠር

ውጭ አገር ልጅ በሚያድግበት ቤት፣ ሶፋ በተነሣ ቁጥር ከሥሩ የኔርፍ፣ ማለትም የአሻንጉሊት ጠመንጃ፣ የፎም ጥይት ይለቀማል። በእረፍት ቀን ወላጆችም ከልጆቹ ጋር ይሰለፋሉ፤ ብዙም ሳይቆይ «ይሄ ነገር ለምን ቀጥ ብሎ አይሄድም?» የሚለው ጥያቄ ይነሣል። አብዛኛው ሰው ጥፋቱን መሣሪያው ላይ ይፈልግና ሞላውን በጠንካራ ይቀይራል። ጥፋቱ ግን በአመዛኙ ከጥይቱ ነው። ደካማ ጥይት በጠንካራ ሞላ ሲተኮስ ይባስ ይወላገዳል።

«ኤሊት» የሚባለው የተለመደው የኔርፍ ጥይት ርዝመቱ 72 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 13 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ ደግሞ ወደ 1 ግራም ነው። የጫፉ ጎማ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ቀላል ነው፤ ከኋላው ረጅም ፎም ይጎተታል። በአየር ላይ የሚበር ነገር ክብደቱ ከፊት፣ አየር የሚይዘው አካሉ ከኋላ ሲሆን ራሱን እያቀና ይሄዳል። የክብደቱ ማዕከል ወደ ወገቡ ሲጠጋ ግን ጭራው ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ ከዚያም ጎኑን ለአየር ይሰጥና ይጠመዘዛል። በፋብሪካ ሞላ በሴኮንድ 21 ሜትር ገደማ ሲወጣ ችግሩ ያን ያህል አይታይም፤ ፍጥነቱ ከ30 ሜትር ሲያልፍ ግን ገሃድ ይወጣል። ስለዚህ ሥራው ሁሉ የሚያጠነጥነው ከፊት ማክበድ፣ ከኋላ ማቅለል ላይ ነው።

ካተር ከማንሣት በፊት ያለውን መለየት ይቀድማል። ጥይቱን ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አንከባልሉት። ጫፉ እየዘለለ የሚንከባለል ከሆነ ጎማው ተጣሞ ተለጥፏል ማለት ነው፤ ያን ማስተካከል ከባድ ስለሆነ መጣል ይሻላል። ፎሙ ብቻ ከተጎበጠ ወይም ከተጨመደደ በፀጉር ማድረቂያ ከራቅ ብሎ ለጥቂት ሴኮንድ አሙቁት፤ ፎሙ ሲነፋ በጣት እያንከባለላችሁ አቅኑትና እስኪቀዘቅዝ ተዉት። ከዚያ 0.01 ግራም በሚለይ ትንሽ ሚዛን እየመዘናችሁ ተቀራራቢዎቹን ለየብቻ አስቀምጡ። አሰልቺ ነው፤ ሆኖም አንዱ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ብሎ የሚመታው ብዙ ጊዜ በክብደት ልዩነት ነው።

ቀላሉ ማሻሻያ ማሳጠር ነው። ከጫፉ ጀምሮ ወደ 36 ሚሊ ሜትር ለክታችሁ ጭራውን ቁረጡ። የተቆረጠው ፎም ራሱ ቀላል ስለሆነ ጠቅላላው ክብደት ብዙ አይቀንስም፤ የክብደቱ ማዕከል ግን ወደ ፊት ይሄዳል፣ በመሣሪያው ቱቦ (አፈሙዝ) ውስጥ የሚፋተገውም አካል ያጥራል። አቆራረጡ ወሳኝ ነው፤ በመቀስ ከሆነ ፎሙ ተጨፍልቆ ጭራው ሰያፍ ይወጣል። አዲስ ካተር ያዙና ጥይቱን በቀስታ እያንከባለላችሁ ዙሪያውን ቁረጡ። ርዝመቱ እንዳይለያይ እንጨት ላይ ማቆሚያ ምስማር ምቱበት። ጭራው ላይ ፕላስተር የሚጠቀልሉ አሉ፤ ክብደትን ወደ ኋላ መጨመር ስለሆነ ጉዳቱ ይበልጣል።

ከባዶ መሥራት ለሚፈልግ መነሻው ባከር ሮድ ነው፤ የመስኮትና የግድግዳ ክፍተት ከመታሸጉ በፊት የሚሞላበት ክብ የፎም ገመድ ማለት ነው። 13 ሚሊ ሜትሩን ምረጡ። ተጠቅልሎ ስለሚሸጥ ቆልማማ ነው፤ ቀጥ ያለ ቱቦ ውስጥ አስገብታችሁ በሙቅ አየር አሙቁት፣ ሳታወጡ አቀዝቅዙት። 38 ሚሊ ሜትር እያደረጋችሁ ቁረጡ። ጫፉ ላይ ውጫዊ ስፋቷ 9 ሚሊ ሜትር ተኩል የሆነች ቀጭን ሮንዴላ (መሃሏ ቀዳዳ የሆነ ክብ ብረት) በሙቅ ሙጫ ይጣበቃል፤ በላዩ ወንበር እግር ሥር የሚለጠፈው ዓይነት ክብ ወፍራም ጨርቅ፣ 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ ይለጠፋል። ሮንዴላዋ ከፎሙ ጠርዝ እንዳትወጣ፣ መሃሉንም እንዳትስት። ሙጫው በዝቶ ወደ አንድ ጎን ከፈሰሰ ጥይቱ ሁልጊዜ ወደዚያው ያጋድላል።

ሙጫው በዝቅተኛ ሙቀት የሚሠራው ይሁን፤ በጣም የጋለው ፎሙን ያቀልጠውና ጫፉ በሦስት በአራት ተኩስ ይነቀላል። ሱፐር ግሉ ባከር ሮድ የሚሠራበትን ፖሊኤትሊን የተባለ ፕላስቲክ በደንብ አይዝም፤ የያዘበት ቦታም ይደርቅና ይሰነጠቃል።

እዚህ ላይ ቀልድ የለም፤ ብረት የገባበት ጥይት ለወረቀት ዒላማ ብቻ ነው። 1 ግራም ጥይት በሴኮንድ 21 ሜትር ሲሄድ ጉልበቱ 0.22 ጁል ነው፤ ክብደቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ እጥፍ፣ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግን አራት እጥፍ ይሆናል። ጨርቁ ሲያልቅ ብረቱ ይገለጣል፤ ዓይን ላይ ቢያርፍ የሚያደርሰው ጉዳት አይመለስም። ሰው ላይ የሚተኮስ ከሆነ ለስላሳ የጎማ ጫፍ ያለውን፣ አጭር ሆኖ ከፋብሪካ የወጣውን ጥይት ግዙ፤ በአብዛኞቹ የጋራ ጨዋታዎች ላይም ብረት ያለበት አይፈቀድም። በዚያም ቢሆን የዓይን መከላከያ መነጽር ከተመልካቹ ጭምር አይቅር።

ጥይትና ቱቦ መገጣጠም አለባቸው። ጥይቱ በጣት ሲገፋ ጥቂት እየታገለ መግባት አለበት፤ ወደ ታች ሲዘቀዘቅ በራሱ ከወደቀ አየሩ በጎኑ ያመልጣል፣ ርቀቱም ይቀንሳል። ከጠበቀ ደግሞ ጉልበቱን ቱቦው ይበላዋል። አንዳንድ መሣሪያዎች ጥይቱ የሚሰካበት ዘንግ ቱቦው ውስጥ አላቸው፤ ባከር ሮድ ውስጡ ድፍን ስለሆነ እነዚያ ላይ አይገባም። በሁለት የሚሽከረከሩ ጎማዎች በሚወነጭፉት የባትሪ መሣሪያዎች ውስጥ ደግሞ አጭሩ ጥይት ጎማዎቹ ጋ ሳይደርስ ይቀራል፤ ለአጭር የተሠራ ካዝና (ጥይቶቹ የሚደረደሩበት ሳጥን) እና ጥይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋ ዘንግ ይፈልጋል።

ስትሞክሩ ነፋስ የሌለበት ቦታ፣ 10 ሜትር ላይ ትልቅ ወረቀት ለጥፉ፤ መሣሪያውን ጠረጴዛ ላይ አስደግፉና ከየዓይነቱ አምስት አምስት ተኩሱ። የሚታየው የአንዱ ጥይት ውጤት ሳይሆን የአምስቱ መቀራረብ ነው። ለርቀት ስትተኩሱ ከ45 ዲግሪ ዝቅ አድርጉ፤ ቀላል ነገርን አየር ቶሎ ስለሚያዘገየው ከፍ ያለው አተኳኮስ ከፍታ እንጂ ርቀት አይጨምርም።

ሲያበቃ ካዝናውን ባዶ አድርጉ። ተጨምቆ ያደረ ጥይት፣ በተለይ የካዝናው አፍ ጋ ያለው የላይኛው፣ በማግስቱ ጎድጉዶ ይገኛል፤ እንደገና ፀጉር ማድረቂያ ፍለጋ ነው።