ባነሩ ላይ ያለችው ልጄ

ዛሬ ከሥራ ስመለስ እንደገና አየኋት። የባሌት ት/ቤቱ መስኮት ላይ በተለጠፈው ትልቅ ባነር ላይ ልጄ ቆማለች። ነጭ ቱቱ (ተነፍቶ የሚቆም የባሌት ቀሚስ) ለብሳ፣ አንድ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ፣ ፈገግ ብላ። ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር። አሁን አሥር ሞልቷታል፤ ባሌት ካቆመች ዓመት አልፏታል፤ ቅርጫት ኳስ ነው የምትጫወተው። ባነሩ ግን ወሬው አልደረሰውም።

መጀመሪያ «ባሌት» ስለሚለው ቃል። እዚህ አሜሪካ «ት»ዋን ይውጧትና «ባሌ» ይሉታል። ያስመዘገብኳት ሰሞን እናቴ ጋ ደውዬ «ልጅቷን እኮ ባሌ አስገባኋት» ስላት ለአፍታ ዝም አለችና «ባሌ ጎባ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት «ባሌት» ነው።

እውነቱን ለመናገር ያስመዘገብኳት ፎቶ አይቼ ነው። ቤተ መጻሕፍት በር ላይ አንድ በራሪ ወረቀት አነሣሁ። ከኋላ የተነሣች ትንሽ ልጅ፣ ፀጉሯ ወደ ላይ ተጠቅልሎ፣ ከትልቅ መስኮት በሚገባ ብርሃን ውስጥ የጫማዋን ሪባን ታስራለች። ፊቷ አይታይም። ለምን እንደማይታይ የገባኝ ቆይቶ ነው። ፊት ከሌለ እያንዳንዷ እናት የራሷን ልጅ ፊት ታስገባበታለች። እኔም አስገባሁ።

ከዚያ በኋላ ብዙ እንዲህ ዓይነት ማስታወቂያ አይቻለሁ። ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። መስኮት፣ የእንጨት ወለል፣ ጀርባ፣ ወይም እግር ብቻ። ወንድ ልጅ ከተገኘ መሀል ላይ ይቆማል። ክፍሉ ውስጥ ስትገቡ ግን አንድ ወንድ ቢኖር ነው፣ እሱም እናቱን እየፈለገ።

ትምህርቱ ላይ ደግሞ ቱቱ የሚባል ነገር የለም። ቱቱ የመድረክ ልብስ ነው። ልጆቹ እንደ ዋና ልብስ ሰውነት ላይ የሚጣበቅ ጥቁር ሊዮታርድ ለብሰው፣ ግድግዳው ላይ የተገጠመውን እንጨት ይዘው ጉልበታቸውን ያጥፋሉ፣ ይዘረጋሉ። ያጥፋሉ፣ ይዘረጋሉ። አርባ አምስት ደቂቃ። ልጄ በሁለተኛው ሳምንት መኪና ውስጥ «ማሚ፣ ዳንሱ መቼ ነው?» አለችኝ። ምን ልበላት?

በሦስተኛ ወሯ የፎቶ ቀን መጣ። የፈቃድ ወረቀቱን ሳላነብ ፈረምኩ። አንዲት ረዳት መጥታ ልጆቹን ስታሰልፍ ልጄን ከኋላ አውጥታ ፊት አደረገቻት። ቱቱው ከዕቃ ቤት የወጣ ነው፤ ሰፍቷት ስለነበር ከጀርባዋ በመርፌ ቁልፍ ተያዘ። ክፍሉ ውስጥ ጥቁር ልጅ እሷ ብቻ ነበረች። ለምን ፊት እንደቆመች ወዲያው ገብቶኛል። ገብቶኝም ደስ ብሎኛል። ፎቶው ሲደርሰኝ ለዘመድ አዝማድ ሁሉ በቴሌግራም በተንኩት። እናቴ አሳጥባ ከቴሌቪዥኑ በላይ፣ ከእመቤታችን ሥዕል አጠገብ ሰቅላዋለች።

ሳየው የሚከነክነኝ ታይቱ ነው። ት/ቤቱ የላከው ዝርዝር «የቆዳ ቀለም ታይት» ይላል። እኔ የዋህ ቡናማ ገዛሁ። በማግሥቱ «ሮዝ ነው» ተብዬ ተመለስኩ። «የማን ቆዳ ነው ሮዝ?» ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ጠየቅኩም፤ መኪናዬ ውስጥ፣ ብቻዬን፣ በአማርኛ።

ነገሩ የራሱ ምክንያት አለው። ታይቱና ጫማው አንድ ቀለም የሚሆኑት እግር ከዳሌ እስከ ጣት ጫፍ ሳይቆረጥ አንድ መስመር ሆኖ እንዲታይ ነው። መልኩ ነጣ ላለ ሰው ሮዝ ይሠራል። ልጄ ላይ ግን መስመሩን ራሱ ወገቧ ላይ ቆረጠው። ባነሩ ላይ ከወገብ በታች የሌላ ሰው ልጅ ትመስላለች። ይህን ቀድመው ያዩ ነበሩ። ጥቁሩ የባሌት ዳንሰኛ አርተር ሚቸል በ1969 (እ.ኤ.አ.) ኒውዮርክ ውስጥ ዳንስ ቲያትር ኦፍ ሀርለም የተባለውን የባሌት ቡድን ከካሬል ሹክ ጋር መሠረተ፤ ዳንሰኞቹም በ1970ዎቹ ከየቆዳቸው ጋር የሚሄድ ታይትና ጫማ ማድረግ ጀመሩ። ቀለሙ ሱቅ አይገኝም ነበርና ብዙ ጥቁር ዳንሰኞች ሮዝ ጫማቸውን ፋውንዴሽን (የፊት ሜካፕ) እየቀቡ ነበር የሚያጠቁሩት። ታዋቂው ጫማ ሠሪ ፍሪድ ኦፍ ለንደን በጣት ጫፍ የሚቆሙበትን ጫማ በቡናማ ያወጣው በ2018 ነው። ሰው ጨረቃን የረገጠው በ1969 መሆኑን ልብ በሉ።

እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ልጄን ፊት ያስቆማት ጥቁሯ የባሌት ኮከብ ሚስቲ ኮፕላንድ ናት። በ2014 እዚሁ ባልቲሞር ያለው የስፖርት ልብስ ድርጅት አንደር አርመር ከእሷ ጋር አንድ ማስታወቂያ ሠራ። ኮፕላንድ እየደነሰች አንዲት ትንሽ ልጅ የት/ቤት የእንቢታ ደብዳቤ ታነባለች፦ እግርሽ አይሆንም፣ ጅማትሽ አይሆንም፣ በ13 ዓመትሽ አርጅተሻል። ኮፕላንድ እውነትም ባሌት የጀመረችው በ13 ዓመቷ ነው። በ2015 አሜሪካን ባሌት ቲያትር ውስጥ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ዋና ዳንሰኛ ሆነች። ከዚያ በኋላ የትኛው ት/ቤት ነው ብሮሸሩ ላይ አንዲት ቡናማ ልጅ የማይፈልግ? ክፍሉ ውስጥ ከሌለች ደግሞ ያለችዋ አንዷ ትደጋገማለች።

ፎቶ ማንበብ ያስተማረችኝ እዚያው የምታስተምር አንዲት አሮጊት ናት። ልጆቻችንን ስንጠብቅ አጠገቤ ተቀምጣ የሌሎች ት/ቤቶችን ማስታወቂያ በስልኳ እያሳየችኝ ትስቅ ነበር። እንዲህ ትለኝ ነበር፦ ሪባኑ ቢራቢሮ ሆኖ ከታሰረ ፎቶ አንሺው ነው ያሰረው፤ ዳንሰኛ ቋጠሮውን ወደ ውስጥ ትደብቀዋለች። ሰባት ዓመት የሆናት ልጅ በጣቷ ጫፍ ቆማ ካየሽ ልጅሽን ይዘሽ ሩጪ፤ የእግር አጥንት ገና አልጠነከረም፣ አብዛኛውን ጊዜ 11 ወይም 12 ዓመት ይጠበቃል። ከሁሉ በላይ ቁርጭምጭሚቷን እዪ። እግር ሲዘረጋ ወደ ውስጥ ከታጠፈ «ማጭድ» ይሉታል፤ ለባሌት ሰው እንደ ፊደል ግድፈት ነው።

ባለፈው ክረምት ልጄን ዋሽንግተን ወዳለው የሥዕል ሙዚየም፣ ናሽናል ጋለሪ፣ ወሰድኳት፤ መግቢያው ነፃ ነው። እዚያ የፈረንሳዊው ሠዓሊ የኤድጋር ደጋ «የአሥራ አራት ዓመት ዳንሰኛ» የተባለች ሐውልት አለች። የነሐስ ቅጂዎቿ በየአገሩ ተበትነዋል፤ በ1881 ፓሪስ ላይ ለሕዝብ የታየችው የሰም ሥራ ግን እዚህ ነው ያለችው። እውነተኛ ፀጉር፣ የጨርቅ ቀሚስ፣ ሪባን አላት። ሞዴሏ ማሪ ቫን ጎተም የምትባል የልብስ አጣቢ ልጅ ነበረች፣ የፓሪስ ኦፔራ የባሌት ተማሪ። ተማሪዎቹን «ትንንሽ አይጦች» ይሏቸው ነበር። ሐውልቷን ያዩ ተቺዎች አስቀያሚ ብለው ሰደቧት። እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ፣ አገጯን ቀና አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ቆማለች። ፈገግታ የለም። ማንንም ለማስመዝገብ አልቆመችም። ልጄ ዞር ዞር እያለች አየቻትና «ደክሟታል» አለች። ባሌት በተማረችበት ጊዜ ሁሉ ይህን ያወቀችውን ያህል ምንም አላወቀችም ብዬ አሰብኩ። ተሳስቼ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ሻይ ስንጠጣ አንዲት ሴት ቀረበችኝ። በመልክ እንጂ በስም አንተዋወቅም። «እህቴ፣ ያቺ ባነሩ ላይ ያለችው ያንቺ ናት አይደል? እኛን የምትመስል ልጅ ሳይ ነው ደፍሬ የኔን ያስመዘገብኳት» አለችኝ። ደስ ብሏታል። ልጅሽ ብቻዋን ነው የምትሆነው ልበላት? የኔዋ ትታዋለች ልበላት? «ታይቱን ሮዝ ነው የሚፈልጉት፤ ቡናማ እንዲፈቅዱ አብረን እንጠይቃቸው» አልኳት። ከሁለት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ ቀይ መብራት ይዞን ባነሩ ፊት ቆምን። ልጄ ከኋላ ወንበር መስኮቱን ዝቅ አድርጋ አየችው። የምትስቅ መስሎኝ ነበር።

«ማሚ፣ ግራ እግሬን እዪው እስቲ። ማጭድ ነው እኮ።»

እውነቷን ነው።